ሲስተር ብላ የጠራችኝ ሴት

ነርስ ሆኜ ሥራ ከያዝሁ ወዲህ በስሜ የሚጠራኝ ሰው እየተመናመነ ሄዶ ዛሬ አባቴና ባለቤቴ ብቻ ቀርተዋል። ሌላው ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚለኝ። ባሕር ዳር፣ በምንኖርበት በሹም አቦ መንደር ባለሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ የእድራችን ሰብሳቢ ሳይቀሩ ሲስተር ይሉኛል። ባለቤቴም ቢሆን አኩርፎ ሲሰነብት ወይም ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ "እሺ ሲስተር፣ እንዳሉ" ይለኛል።

ቃሉ እህት ማለት እንደሆነ የተማርሁት ልጅ ሳለሁ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ "ማይ ሲስተር" ብለው ጻፉና እያንዳንዳችን ተነስተን ስለ እህታችን አንድ አንድ ነገር እንድንናገር አዘዙን። ተራዬ ሲደርስ ቆሜ ቀረሁ። "እህት የለኝም" አልሁ። "ወንድምስ?" "እሱም የለኝም።" አስተማሪው ጠመኔያቸውን እያሻሹ "እንግዲያው ፍጠሪያ!" አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሲስተሬ ረጅም ናት፣ ዋና ትችላለች ምናምን ብዬ ተቀመጥሁ። እናቴ እኔን ስትወልድ ክፉኛ ተጎድታ ዳግመኛ አልወለደችም። ጎረቤት ሁሉ ቤቱ በልጅ ተሞልቶ እኛ ቤት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሥራ ላይ ግን ሲስተር ማለት እህት ማለት አይደለም። የሥራ ስም ነው። በሽተኛ ሲያመው ሲስተር ይላል፣ ሲናደድም ሲስተር ይላል። አንድ ጊዜ ከቆጋ በኩል የመጡ እናት ሰዉ ሁሉ ሲስተር ሲለኝ ሰምተው ስሜ መስሏቸው "የክርስትና ስምሽስ ማን ነው ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ጊዜ አንዲት የካቶሊክ መነኩሲት ጤና ጣቢያችንን ሊጎበኙ መጥተው ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ ሰው "ሲስተር!" ሲል ሁለታችንም እኩል ዞር ብለናል። የባጃጅ ልጆች ደግሞ ከአዲስ አበባ በመጣ አነጋገር "ሲስቱ፣ ዓባይ ማዶ ነሽ?" ይሉኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቃሉ ጆሮዬን ለመደው። ጠዋት ከነጩ ጋዋኔ ጋር የምለብሰው፣ ማታ ከጋዋኔ ጋር የማወልቀው ነገር ሆነ።

አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጣና ላይ ኖረዋል። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሚመላለስ የጭነት ጀልባ ላይ ሞተሪስት ነበሩ። ሞተሩን የሚያስነሱትም፣ ሲታመም የሚያክሙትም እሳቸው ናቸው። ጀልባው ጎርጎራ ደርሶ ጭነት እስኪያራግፍና እስኪጭን እዚያው ያድራሉ፣ አንዳንዴም ይሰነብታሉ። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ትሸኛቸዋለች፣ ሲመለሱም እጃቸውን በሳሙና ቢያሹትም ከጥፍራቸው ሥር ዘይቱ አይለቅም። ጡረታ ከወጡ፣ እናቴም ካረፈች በኋላ እኛ ቤት ገቡ። ዘወትር ከሰዓት በኋላ ቆባቸውን አድርገው ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዳሉ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ይመለሳሉ። "የት ዋሉ?" ስላቸው "ከጓደኞቼ ጋር" ይሉኛል። ጀልባ ላይ አብረዋቸው የሠሩ ሽማግሌዎች ናቸው ብዬ አስብ ነበር።

ባለፈው ክረምት የሳንባ ምች ያዛቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። መድኃኒቱን እቤት እኔ እወጋቸዋለሁ፣ ጀርባቸውን እጠርጋለሁ፣ ሾርባ እሰጣቸዋለሁ። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ተሽሏቸው በረንዳ ላይ ፀሐይ መሞቅ የጀመሩ ሰሞን ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው።

የክትባት ቀን ነበር። ኮሪደሩ ልጅ በታቀፉ እናቶች ተሞልቷል። አንዲት ሴት ልጅ ሳትይዝ ወደ ክትባት ክፍሉ ገባች። አወቅኋት። ስሟን ባልይዘውም ሁለት ልጆቿን የከተብሁላት እኔ ነበርሁ። ጥቁር ሻሽ የምትከናነብ፣ ከእኔ በዕድሜ ጥቂት የምታንስ፣ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ከልብሷ የማይጠፋ ዝምተኛ ሴት ናት። ከሌሎቹ እናቶች የሚለያት ነገር ቢኖር ልጇ ተወግቶ ካበቃ በኋላ ቶሎ አለመውጣቷ ነው። ጨርቁን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ እንደገና ታጥፋለች።

"ሲስተር" አለችኝ።

"አቤት" አልሁ ቀና ሳልል። መድኃኒት በመርፌ እየሳብሁ ነበር።

"ደህና ናቸው?"

"ማን?"

"አባትሽ።"

አሁን ቀና አልሁ። "ደህና ናቸው። ከየት ታውቂያቸዋለሽ?"

"ከባሕሩ ዳር። ዓሣ የምጠብስበት እየመጡ ይቀመጡ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ቀሩብኝ። ሰው ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ። ሞተው ይሆን፣ ለቅሶ እንኳ ሳልደርስ ተቀብረው ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።"

"ሳንባቸውን ታመው ነው። አሁን ተሽሏቸዋል። ሰላምታሽን አደርስልሻለሁ" አልኋት። ደንበኛቸውን እንዲህ የሚጠይቁ ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው ብዬም አሰብሁ።

አልወጣችም።

"ሲስተር።"

"አቤት?"

"እኔ ሲስተር የምልሽ ሌላው ሰው እንደሚልሽ አይደለም።"

ምስጋና መሰለኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኋት። "እኔም እኮ እዚህ የምትመጡትን ሁሉ እንደ እህቶቼ ነው የማያችሁ።"

"እንደ አይደለም" አለች። "ወላሂ እንደ አይደለም። አባታችን አንድ ናቸው።"

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እኔ ሳቅሁ። ሳቄ ጮክ ያለ ነበር፣ በሩ ላይ የቆመችው እናት አብራኝ ፈገግ እስክትል ድረስ። ከዚያ በሥራ ድምፄ "ተራ የያዙ አሉ፤ ውጪ ጠብቂኝ" አልኋትና "ቀጣይ!" ብዬ ተጣራሁ። ሕፃኑን ተቀብዬ ጭኑን ጠርጌ ወጋሁት። እናቱ "መቼ ልመለስ ሲስተር?" ስትለኝ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የያዝነው ወር የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ኅዳር ይሁን ጥቅምት ማወቅ አቃተኝ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ መጥታ "ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ" አለችኝና ወንበሬን ተቀበለችኝ።

የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን መስታወት ውስጥ ራሴን አየሁ። ሰፊውን ግንባር፣ ወደ አንድ በኩል የሚያደላውን አገጭ። የአባቴ አገጭ ነው፤ ልጅ ሳለሁ እጠላው ነበር። ይህን አገጭ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ጥቁር ሻሽ ውስጥ አይቼው ነበር። እንዴት እስከዛሬ አላየሁትም?

ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ከፊቷ ቆምሁ፤ አልተቀመጥሁም።

"ውሸትሽን ነው" አልኋት።

አልተቆጣችም። "ግራ ጎናቸው ላይ፣ ከጎድናቸው በታች የሞተር ቧንቧ ያቃጠላቸው ጠባሳ አለ" አለች። "እኔ አላየሁትም፤ ነውር ነው። እናቴ ናት የነገረችኝ።"

ክረምቱን ሙሉ ያንን ጠባሳ በእርጥብ ፎጣ ስጠርገው ነው የከረምሁት። አሁን ከባዕድ ሴት አፍ ሰማሁት። ያን ጊዜ ተቀመጥሁ።

እናቷ የዓሣ አጥማጆች ልጅ ነበረች። አባቴ ጀልባው ጎርጎራ ሲያድር ያውቋታል። ሃይማኖታቸው የተለያየ ነው፣ እሳቸውም እዚህ ሚስትና ልጅ አላቸው። ሴትዮዋ ስታረግዝ ቤተሰቦቿ ነገሩ ሳይሰማ ለአንድ ዘመዳቸው ዳሯት። ሰውዬው ልጅቷን እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋት። አድጋ ባሕር ዳር ላለ ጀልባ ሠሪ ስትዳር ነው እናቷ እውነቱን የነገረቻት።

"መጥቼ ወደቡ ላይ አየኋቸው" አለችኝ። "የማን ልጅ እንደሆንሁ ስነግራቸው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ 'እዚያ ጤና ጣቢያ አስከትቢያት፤ ሲስተሯ እጇ ቀላል ነው' አሉኝ። ማን እንደሆንሽም ነገሩኝ። 'ግን አደራ፣ እንዳትነግሪያት፣ እናቷን ይሰብራታል' አሉ። እናትሽ ካለፉ በኋላ 'አሁንስ ይንገሯት' አልኋቸው። 'ይቆይ' አሉኝ። ሁልጊዜ ይቆይ ነው።"

ከመሬቱ ቅጠል አንስቼ አጠፍሁት።

"ስንት ጊዜ ሲስተር ብዬሻለሁ" አለች። "አንድ ቀን ነገሩ ገብቶሽ ታዪኛለሽ እያልሁ። አንቺ ሁሌም አቤት ትያለሽ። ግን የምታዪው መርፌውን ነው።"

ምን ብዬ እንደተለየኋት አላስታውስም። በእግሬ ነው ወደ ቤት የሄድሁት። ዘንባባዎቹን፣ የተሰለፉትን ባጃጆች፣ ሁሉንም እያየሁ ምኑንም አላየሁም። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የተመኘሁት፤ አባቴ "ምን ዓይነት ቅጥፈት ነው!" ብለው እንዲቆጡ፣ ዱላቸውን አንስተው እንዲፎክሩ። ያን ጊዜ እኔም አብሬያቸው እቆጣለሁ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"አባባ" አልኋቸው። "ከእኔ ሌላ ልጅ አለዎት?"

አልደነገጡም። የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና "መጣች?" አሉ።

ይህን ቃል የሰማሁበትን ቅጽበት እስክሞት አልረሳውም። ቢክዱ ኖሮ እችለው ነበር። ሰው ስትጠብቁ ቆይታችሁ እንግዳው በር ሲያንኳኳ እንደምትሉት ዓይነት ነበር አባባላቸው። ቦርሳዬ ከትከሻዬ ወደቀ፤ እሱን ለማንሳት እንኳ አልጎነበስሁም።

"እናቴ ታውቅ ነበር?"

"አታውቅም። ሳታውቅ ነው ያረፈች።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

እጃቸውን ገልብጠው አዩት። "እርግጠኛ አይደለሁም" አሉ በመጨረሻ። "አንድ ቀን ጎርጎራ ልወርድ ስል የቋጠረችልኝን ስንቅ ሳነሳው ከበደኝ። ለሁለት ሰው የሚሆን ነው። 'ምነው አበዛሽው?' ብላት 'መንገድ ነው፣ አብሮዎት የሚበላ አይጠፋም' አለችኝ። ፊቷን ልየው ብዬ ፈራሁ። ሳላየው ወጣሁ።"

ከዚያ ዕለት ድንጋጤ ሁሉ የባሰብኝ ይህ ነው። እናቴ ምጣድ ላይ የቆላችውን ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ስትቋጥር በዓይኔ መጣች፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ፊቷን እኔም አላየሁትም።

"ታዲያ ለምን ወደ እኔ ላኳት? እኔ ካላወቅሁ ምን ትሠራለች እኔ ጋ?"

"ልጆቿን ባዕድ ከሚወጋቸው አንቺ ብትወጊያቸው ይሻላል ብዬ ነዋ" አሉ፣ ይህን አለማወቄ እየገረማቸው። "ደግሞ ሲስተር ትልሽ የለም? ከዚያ ስትመለስ 'ዛሬም ሲስተር አልኋት፣ አቤት አለችኝ' ትለኛለች። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ለጊዜው ይኸው ይበቃል ብዬ።"

"ለማን ነው የሚበቃው?"

ጮህሁ። በአባቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው መልሰው ጠለቅ አሉ። አባቴን ትቼ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ለባለቤቴ የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ከፋብሪካ ደክሞት ነው የገባው፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሰማኝ። ለአባቴ ይፈርድላቸዋል ወይ ይፈርድባቸዋል ብዬ ስጠብቅ "ታዲያ እሷ ምን አጠፋች?" አለኝ። በእሱም ተናደድሁ። ነገር ግን ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም። አባቴን መንከባከቤን አልተውሁም፤ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ምግባቸውን አቀርባለሁ። የምናገረው ግን "ይዙሩ"፣ "ይዋጡት"፣ "ይተንፍሱ" ብቻ ነበር። በሽተኛና ሲስተር ሆንን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራሴን ባሕሩ ዳር አገኘሁት። ዓሣ ከምትጠብስበት ጭስ ባሻገር አየችኝ። መጥበሻውን ትታ አልተነሳችም፣ እኔም እጄን አልዘረጋሁም። በርጩማ ገፋ አደረገችልኝና አንድ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሳ፣ በሚጥሚጣና በሎሚ አድርጋ አንድ ትሪ ላይ አቀረበች። በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሥጋ ሌላው አይበላም። ዓሣ ግን ቢላ አይለየውም፤ ከባሕር የወጣ ሁሉ የሁሉም ነው። ከአንድ ትሪ በላን።

"እናደድብሽ ነበር" አለችኝ እሾሁን እየለየች። "አንቺ እቤታቸው ነው ያደግሽው። እኔ ጋ ሲመጡ እንግዳ ናቸው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቆባቸውን አድርገው ይሄዳሉ። ወዴት እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ ወደ አንቺ ነው።"

እስከዚያ ሰዓት ድረስ የተወሰደብኝን ብቻ ነበር የማስበው።

በሚቀጥለው እሑድ ቤት ይዣት መጣሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ሁለታችንን አብረን በበሩ ስንገባ ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ፣ አቃታቸውና በተቀመጡበት አለቀሱ። እንባቸውን የጠረገችው እሷ ናት። ይዛ የመጣችውን ዓሣ ስታጎርሳቸው ሁለት ጊዜ አላመጡና "ጨው አበዛሽበት" አሏት። በየቀኑ እኔን የሚሉኝ ነው። እሷም ባሕሩ ዳር በየቀኑ ይሏት ኖሯል። ተያየን፣ ከክትባቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ሳቅሁ።

ሰፈሩ ዝም አላለም። እየተመላለሰች ስትመጣ ያን ዕለት በአጥር ያዩን ጎረቤታችን "ሲስተር፣ ያቺ ሙስሊሟ ሴትዮ ማን ናት?" ብለው ጠየቁኝ።

"እህቴ ናት" አልኋቸው።

"እንዴታ! ሁላችንም እህትና ወንድም ነን። እንደሱ ነው ደግ!" አሉና ሊሄዱ ዞሩ።

"አይደለም" አልኋቸው። "የአባቴ ልጅ ናት።"

የያዙት ጀበና ከእጃቸው ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። አማተቡ። ወደ በረንዳው፣ ወደ አባቴ ተመለከቱ፣ ከዚያም ወደ እኔ። የደነገጠ ፊታቸው ጤና ጣቢያው መስታወት ውስጥ ያየሁትን የራሴን ፊት ይመስል ነበር። ወሬው እስከ ማታ መንደሩን አዳረሰ። ከእድሩ ሰዎች አንዳንዶቹ አባቴን ሰላም ማለት ተዉ፤ እሳቸውም አልተቀየሟቸውም። እኔና እሳቸው አሁን እናወራለን። እንደ ድሮው ግን አይደለም። ስለ እናቴ ሲያነሱ ተነስቼ ሥራ እፈልጋለሁ።

ቤቷ የሄድሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዓባይ ማዶ ተሻግሮ፣ ወደ ውሃው የሚጠጋ ግቢ ነው። ባለቤቷ ያልተጠናቀቀ ጀልባ በግንድ ላይ አስደግፎ ሳንቃ ይመታል፤ መዶሻውን አስቀምጦ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። እሷ ከውስጥ "ልጆች! ኑ፣ ሲስተር መጥታለች!" ብላ ተጣራች።

ግቢው በአንድ ጊዜ ጭር አለ። ሲሯሯጡ የነበሩት ልጆች ጠፉ። አባታቸው መሳቅ ጀመረ። ለካስ እዚያ ቤት ልጅ ሲያጠፋ ማስፈራሪያው እኔ ነበርሁ፤ "ሲስተር ጋ ነው የምወስድህ" ይባላል። ትንሹ በጓሮ በኩል ሮጧል። ትልቋ ልጅ ከጀልባው ኋላ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች።

"መርፌ ይዘሽ ነው?" አለችኝ ከዚያው ሆና።

"አልያዝሁም።"

"አሳዪኝ።"

ቦርሳዬን ከፍቼ መሬት ላይ ገለበጥሁት። ቁልፍ፣ ስልክ፣ መሀረብ፣ ያመጣሁላቸው ብስኩት ተዘረገፈ። ልጅቷ ቀስ ብላ ወጣች፣ ቁጢጥ ብላ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች አየችው። አገጯ ወደ አንድ በኩል ያደላል። ብስኩቱን አነሳችና ወደ ጓሮ ዞራ ወንድሟን ተጣራች።